የፖሊስ የራዲዮ ቋንቋ፤ «አሥር አራት» ከየት መጣ? በከፋ ተራራዎችስ ምን ይበጃል?

በሲኒማና በቴሌቪዥን የፈረንጅ ፖሊስ ከአውቶሞቢሉ ወንበር ላይ ሆኖ፣ የመናገሪያውን ዕቃ ወደ አፉ አስጠግቶ «አሥር አራት» ሲል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በየመኝታ ቤቱም እርስ በርሳችን «ሮጀር»፣ «ኮፒ»፣ «ኦቨር» እየተባባልን እንቀልዳለን። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ከምን እንደ መጡና ለምን እንደሚያገለግሉ፣ እንደ ከፋ ባለ ተራራማና ደናማ አገርም ምን እንደሚጠቅሙና ምን እንደሚጎዱ ጠይቀን የተረዳን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ባጭሩ ለመግለጥ አስበናል። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በራዲዮ የተነገረች አንዲት ቃል በትክክል ስትሰማ የሰው ሕይወት ታድናለች፤ ስትሳሳት ግን አምቡላንሱን በአንድ መንገድ ሰድዳ ቁስለኛውን በሌላ መንገድ ታስቀራለች።

1ኛ/ ምልክት ለኛ እንግዳ አይደለም

መልእክትን በምልክት ማሳጠር ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ሌሊት የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ይስማ። ጡሩምባ ነፊው «እገሌ አርፏል» ብሎ ዝርዝሩን ከመናገሩ በፊት ድምፁ ራሱ ነገሩን አስታውቋል። የአዋጅ ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ ቃሉን ሳይሰማ ይሰበሰብ ነበር። ከማዶ ኡኡታ ሲሰማም ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይሮጣል። በእነዚህ ሁሉ ምልክቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙንም ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። የፖሊስ ራዲዮ ቋንቋም የቆመው በዚሁ በሁለቱ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ምልክቱ አጭር መሆኑና ትርጉሙን ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ማወቃቸው ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ጩኸት ብቻ ይሆናል።

2ኛ/ ፖሊስና ራዲዮ እንዴት ተገናኙ?

በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1928 ለፖሊስ አውቶሞቢሎች በራዲዮ መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ። ያ ራዲዮ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚናገር ነበር። ጣቢያው ይናገራል፤ በመኪናው ያለው ፖሊስ ይሰማል እንጂ መመለስ አይችልም። መስማቱን ለማስታወቅ ከፈለገ ከመኪናው ወርዶ ቴሌፎን መፈለግ ነበረበት። በሁለት ወገን የሚያነጋግረውን ራዲዮ ሥራ ላይ ያዋለችው በኒው ጀርዚ ግዛት ያለችው የባዮን ከተማ ስትሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1933 ነበር።

በአገራችን ቴሌፎን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ የፖሊስ ሠራዊት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ተቋቁሟል። ዛሬ ለፖሊሱም ለሕዝቡም የእጅ ስልክ አለ። ቢሆንም ስልክ የሚያነጋግረው ሁለት ሰዎችን ነው። ራዲዮ ግን አንዱ ሲናገር በዚያው ሞገድ ላይ ያሉት ሁሉ ይሰሙታል። አንድ ፖሊስ እርዳታ ሲፈልግ ቅርብ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰማው በራዲዮ ነው፤ ስለዚህ ስልክ ቢበዛም ራዲዮ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ዕዳም አለው። በተለመደው የፖሊስ ራዲዮ በአንድ ሞገድ ላይ ባንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመናገሪያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው እስኪለቅ ድረስ ሌላው ይጠብቃል። አንድ ሰው ነገር ካረዘመ የሌላው ሰው የጭንቅ ጥሪ ታፍኖ ይቀራል። ለማሳጠር የተፈለገበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

3ኛ/ «አሥር» ለምን ተባለ?

የአሥር ቁጥሮች የተወጠኑት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ ነው፤ አሳቡንም ያመነጨው የመገናኛ ሹም የነበረው ቻርልስ ሆፐር ነው ይባላል። ቁጥሩ በአሥር የሚጀምርበት ምክንያት የሚያስገርም ነው። የዚያን ጊዜ የመኪና ራዲዮ ለመናገር የሚያስፈልገውን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ከሚሽከረከር ትንሽ ሞተር ነበር። ቁልፉ ሲጫን ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ያልፋል፤ በዚህ መካከል የተነገረችው የመጀመሪያ ቃል ትጠፋለች። ስለዚህ ብትጠፋም ጉዳት የሌላት ቃል ከፊት እንድትቀድም ተደረገ። «አሥር» የምትባለው ቃል እንግዲህ ዋናዋን ቃል ለማዳን የምትሠዋ ናት ማለት ነው። ሞተሩ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ «አሥር» ግን እስከ ዛሬ አለች።

ከነዚህ ቁጥሮች በብዛት የታወቁት የሚከተሉት ናቸው።

10-1፦ ድምፅህ በደንብ አይሰማም።
10-2፦ ድምፅህ በደንብ ይሰማል።
10-4፦ መልእክቱ ደርሶኛል።
10-7፦ ከሥራ ወጥቻለሁ፤ አልገኝም።
10-8፦ ሥራ ላይ ነኝ፤ ለመታዘዝ ዝግጁ ነኝ።
10-9፦ የተናገርኸውን ድገምልኝ።
10-20፦ ያለህበት ቦታ የት ነው?
10-23፦ ከቦታው ደርሻለሁ።

ከቁጥሩ ሌላ በአንዳንድ አገር የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ ራሱ የራዲዮ ቃል ሆኖ ይገኛል። በካሊፎርኒያ «187» ከተባለ የሰው መግደል ወንጀል ነው፤ የሕጋቸው አንቀጽ ቁጥር ነውና። ይህ ለሕግ ተማሪዎቻችን እንግዳ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ከባድ የሰው ግድያ አንቀጽ 539፣ ተራው ግድያ 540፣ ስርቆት 665 መሆኑን ስለሚያውቁ፣ እርስ በርሳቸው በቁጥር ብቻ ሲጫወቱ እንሰማቸዋለን። መንጃ ፈቃድ ያላቸው ጓደኞቻችንም ለብዙ ዓመታት «ኮድ ሁለት» ሲባል የግል፣ «ኮድ ሦስት» ሲባል የንግድ፣ «ኮድ አራት» ሲባል የመንግሥት መኪና መሆኑን ያለ አስተርጓሚ ሲግባቡበት ኖረዋል።

4ኛ/ ቃላቱና እውነተኛ ትርጉማቸው

«ሮጀር» ማለት «የነገርከኝን በሙሉ ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው። «እሺ» ወይም «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። በቴሌግራፍ ዘመን «ተቀብያለሁ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያው ፊደል «አር» ብቻ ይላክ ነበር፤ ፊደሉም በራዲዮ ሲጠራ «ሮጀር» ይባል ስለ ነበር ስሙ በዚያው ቀረ። የታዘዝሁትን እፈጽማለሁ ለማለት ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ዊልኮ» ነው።

«ኦቨር» ማለት «ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ መልስህን እጠብቃለሁ» ነው። «አውት» ማለት ደግሞ «ጨርሻለሁ፤ መልስም አልጠብቅም» ነው። እንግዲህ በሲኒማ የምንሰማው «ኦቨር ኤንድ አውት» መልስህን እጠብቃለሁ፣ መልስህን አልጠብቅም እንደ ማለት ነውና እርስ በርሱ ይጣላል።

«ሜይዴይ» የሚለው የጭንቅ ጥሪ «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በለንደንና በፓሪስ መካከል ለሚበሩ አውሮፕላኖች ተብሎ የወጣ ነው። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይጠራል፤ ይህም ከሌላ ንግግር ጋር እንዳይምታታ ነው።

5ኛ/ ማሳጠር ሌላ፣ መሰወር ሌላ

ብዙ ሰው የራዲዮ ቁጥር ምሥጢር ለመጠበቅ የወጣ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የአሥር ቁጥሮች ዝርዝር በገበያ የሚገኝ ነገር ነው። ምሥጢር የሚጠበቀው በየጊዜው በሚለወጥ የስውር ጽሕፈት ወይም ዛሬ እንደሚደረገው ድምፁን ራሱን በመሣሪያ በማመሳጠር ነው። ይህን ሁለቱን መለየት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የገዛ ታሪካችን ያስተምረናል። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በፊት የጣልያን ጦር በራዲዮ የተላለፉትን የኢትዮጵያን መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ስለ ነበር፣ ማጥቃቱ አስቀድሞ ታውቆበት በመጋቢት 22 ቀን ተዘጋጅቶ ጠበቀን። በአየር ላይ የተለቀቀ ቃል የሰሚው ሁሉ ነው። አጭር መሆኑ አይሰውረውም።

6ኛ/ ፊደል መጥራት

ስም ወይም የመኪና ታርጋ በራዲዮ ሲነገር ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ይምታታሉ። ስለዚህ ለየፊደሉ አንድ ሙሉ ቃል ይመደባል። «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እየተባለ የሚወርደው ዓለም አቀፋዊ ዝርዝር በሲቪል አቪዬሽን ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ይህንንም የቆሎ ተማሪ ከፈረንጅ ቀድሞ ያውቀዋል። «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ» እያሉ አባቶቻችን ፊደልን በቃል ሲለዩ ኖረዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የአባቶቻችን አጠራር ድምፃቸው አንድ የሆነውን በጽሕፈት ይለያል፤ ለራዲዮ የሚያስፈልገን ግን ተን ከጠ፣ ከን ከቀ፣ ቸን ከጨ በጆሮ የሚለይ ነው። መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል፤ የቀረው ለአዲሱ ሥራ ማስማማት ነው።

7ኛ/ በከፋ ሲሆን

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም አገር ይሆናል። አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። የከፋ ዞን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ምድሩ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው ቆላ ተነሥቶ 3,000 ሜትር ገደማ ወደሚደርስ ደጋ የሚወጣ፣ በገደልና በወንዝ የተቆራረጠ ነው። ደኑም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ነው። ዝናቡም ለወራት አያቋርጥም።

ይህ ሁሉ ለቡና የተመቸውን ያህል ለራዲዮ አይመችም። ፖሊስ በብዛት የሚጠቀምበት አጭር ርቀት የሚሄደው ሞገድ እንደ ዓይን ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። አንድ ሰው በሜዳ ላይ ቆሞ መሣሪያውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ቢይዝ፣ የምድር ክብነት ብቻ ሞገዱን በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስነዋል። አንቴናው 100 ሜትር ከፍ ቢል ግን 41 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። በመካከል ተራራ ከገባ ደግሞ ርቀቱ ይቀንሳል፤ እርጥብ ቅጠልም ሞገዱን ይመጠዋል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ አገር ድምፅ ተቀብሎ እንደገና የሚያስተላልፍ መሣሪያ በተራራ ራስ ላይ ይተከላል፤ ወይም ከሰማይ ላይ ነጥሮ በሚመለሰው ረጅም ርቀት በሚሄድ ሞገድ ይነገራል። በዚህኛው ሞገድ ድምፁ ሩቅ ቢደርስም ፉጨትና ሽሽታ አይለየውም።

በዚህ ሽሽታ መካከል የሚመጡት አደጋዎች አራት ናቸው።

ሀ/ የቦታ ስም። በዞናችን ጨና የሚባል ወረዳ በምዕራብ አለ፤ ጨታ የሚባልም ወረዳ በደቡብ አለ። ሁለቱ በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ግን የዴቻ ሰፊ አገር አለ። ቦንጋም ብትሆን ስሟ የብቻዋ አይደለም፤ በጋምቤላም ቦንጋ የሚባል ቦታ አለ። ስለዚህ «ጨና» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ጨና፣ በዋቻ በኩል» ብሎ ሁለተኛ ምልክት መጨመር ያስፈልጋል። የመንገድ ቁጥርና የቤት ቁጥር በሌለበት አገር ቦታ የሚታወቀው በወንዙ፣ በድልድዩ፣ በገበያውና በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ ነውና።

ለ/ ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት በፈረንጆች ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ነው። «አሥር» የሚለው ቃል ለሰዓትም ለራዲዮ ቁጥርም ከዋለ ግራ መጋባቱ አይቀርም። የቀኑ ይሁን የሌሊቱ፣ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ፣ ሁልጊዜ መነገር አለበት።

ሐ/ የአማርኛ ግስ። ይህን ነጥብ ልብ ብለን እንድንመለከተው ያስፈልጋል። ለአሜሪካኖቹ ያስቸገራቸው የመጀመሪያዋ ቃል መጥፋት ነበር። በአማርኛ ግን የነገሩ ፍሬ የሚገኘው በመጨረሻ ነው። «በድልድዩ አጠገብ መሣሪያ የያዘ ሰው የለም» የሚል ፖሊስ ጣቱን ቸኩሎ ከቁልፉ ላይ ቢያነሣ፣ ሰሚው የሚደርሰው «በድልድዩ አጠገብ መሣሪያ የያዘ ሰው» የሚለው ብቻ ነው። ሰላም የነበረው ነገር ጦርነት ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ለእኛ የሚያስፈልገው ከፊት የሚሠዋ ቃል ሳይሆን ከኋላ የሚጠብቅ ጣት ነው። ግሱ አልቆ አንድ ትንፋሽ እስኪያልፍ ቁልፉ መለቀቅ የለበትም፤ «የለም» እና «አልሆነም» የሚሉትም ሁለት ጊዜ ቢነገሩ ይሻላል።

መ/ አክብሮት። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ሳይል ማዘዝ ይቸግረዋል። አንድ ኮንስታብል አለቃውን «ድገም» ቢል ነውር ይሆንበታል፤ «እባክዎ እንደገና ይድገሙልኝ» ቢል ደግሞ ሞገዱን ይይዛል። ቁጥር ግን ወንድና ሴት፣ አለቃና ምንዝር አይለይም። ሆኖም መፍትሔው በቋንቋችን ውስጥ አለ፤ «ይደገም»፣ «ይቀጥል»፣ «ይጠበቅ» ቢባል አጭርም ነው፣ ማንንም አያዋርድም።

ከዚህም በቀር በከፋ የብዙው ሰው የአፍ መፍቻ ካፊኖኖ ነው። ጥሪ የሚያደርገው ገበሬ በካፊኖኖ ይናገራል፤ የጣቢያው ሰው በአማርኛ ወደ ራዲዮ ያስተላልፋል። አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ካለፈ በኋላ ሦስተኛ ትርጉም የሚያስፈልገው ቁጥር ሲጨመርበት የስሕተቱ በር ይሰፋል።

8ኛ/ ቁጥር ወይስ ግልጽ ቋንቋ?

ቁጥሩን የፈጠሩት አሜሪካኖች ራሳቸው ዛሬ በዚህ ይከራከራሉ። ምክንያቱም አንዱ ቁጥር በየከተማው ሌላ ትርጉም እየያዘ ሄደ። በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ዘንድ 10-13 ማለት «ፖሊስ እርዳታ ይፈልጋል» ማለት ነው፤ በሌሎች የቆዩ ዝርዝሮች ግን የአየርና የመንገድ ሁኔታ መጠየቂያ ነው። አንዱ ነፍሱን ለማዳን ሲጣራ ሌላው ዝናብ መኖሩን ቢነግረው ምን ይባላል? ስለዚህ የአገሪቱ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና ሕክምና አብረው በሚሠሩበት ጊዜ ቁጥሩ ቀርቶ ግልጽ ቋንቋ እንዲነገር አስገድዷል። በየፖሊሱ የውስጥ ሥራ ግን ቁጥሩ በብዙ ቦታ እንዳለ ነው።

በእኛ አስተያየት በከፋ ዘንድ ግልጽና አጭር አማርኛ ይበልጣል፤ ሰሚው ካፊኖኖ ተናጋሪ ሲሆንም ግልጽ ካፊኖኖ። ለጥቂት ዘወትራዊ ነገሮች አንድ አንድ ቃል መወሰን መልካም ነው። ነገር ግን ምልክቱ እንደ እድር ጡሩምባ ሁሉም የሚያውቀው ካልሆነ ባይኖር ይሻላል።

9ኛ/ ቃል ራሱ ፍርድ እንዳይሆን

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። በራዲዮ «ሌባ ተይዟል፣ ኑ» የተባለ እንደሆነ፣ የሚመጣው ፖሊስ ሌባ ለመቀበል አስቦ ይመጣል። «በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ሕዝብ ከቦታል» ቢባል ግን ሁለት ሥራ እንዳለው ያውቃል፤ እርሱም ነገሩን ማጣራትና ሰውየውን ከድብደባ ማዳን ነው። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት የሦስት ሰከንድ ጊዜ አይሞላም፤ ለተጠርጣሪው ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ በፍርድ ቤት አዳራሽ ብቻ ሳይሆን በራዲዮም ላይ መሰማት አለበት። ማሳጠር መልካም ነው፤ ከእውነት ላይ ግን አይቀነስም።

10ኛ/ የእኛ ፋንታ

ራዲዮውን የሚይዘው ፖሊሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጠው ግን ደዋዩ ነው። ጣቢያው ከተነገረው በላይ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ወደ ፖሊስ በምንደውልበት ጊዜ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን።

አስቀድሞ የት፤ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ቅርብ ያለው ወንዝ ወይም ድልድይ። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ይህ ከታወቀ ሰው ሊላክ ይችላልና።
ቀጥሎ ምን፤ ያየነው ብቻ፣ የገመትነው ሳይሆን።
ከዚያ ስንት ሰው ተጎዳ፣ መሣሪያ አለ ወይስ የለም።
ከዚያ መቼ፤ የቀን ወይስ የሌሊት።
በመጨረሻ ስማችንና የምንገኝበት ስልክ፤ ጣቢያውም «በቃ» እስኪል ድረስ አለመዝጋት።

በብዙ ከተማ የታወቀው የፖሊስ ቁጥር 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ይሁን እንጂ ከየመኖሪያችን አጠገብ ያለውን ጣቢያ ቁጥር እያንዳንዱ ተማሪ ዛሬውኑ ጽፎ እንዲይዝ፣ በየዶርሙም ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አሳስበናል። ክረምት ሲገባ ተማሪ ሁሉ ወደ ጌሻ፣ ወደ ቢጣ፣ ወደ ጠሎ፣ ወደ አዲዮ ይበተናል። እዚያ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው ተብሎ ስልኩ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ያን ጊዜ «አሥር አራት» ማለት ማወቁ አይጠቅመውም፤ የት፣ ምን፣ ስንት፣ መቼ ብሎ በረጋ ድምፅ መናገር ግን ይጠቅመዋል።